ጣሪያ የሌላት መኪናና የገብርኤል ዣንጥላ

ልጄ «መኪና አገኘሁ» ብላ የነገረችኝ ዕለት እልል ብዬ ነበር። ደስታዬ የቆየው መኪናዋን እስካይ ድረስ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መሃል ግድም ነው። የምንኖረው ካናዳ፣ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ሕንጻዎች በአንዱ ውስጥ ነበር፤ እኔና አንዲት ልጄ። እኔ መሃል ከተማ ቢሮ አጸዳለሁ። እሷ አቅመ ደካማ የሆኑ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ከቤት ቤት እየዞረች ትረዳለች፤ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ቁርስ ታበላለች። አንዱ ሰው ሰሜን ጫፍ ነው፣ አንዷ ምዕራብ ጫፍ። በመሃል ያለውን ጊዜ አውቶቡስ ይበላዋል። በረዶ ሲመጣ ማቆሚያ ላይ ቆማ ቆማ፣ ጣቷ ደንዝዞ ቁልፍ መያዝ እያቃታት በሩን በክርኗ ስትመታ፣ ሮጬ ከፍቼ እጇን በብብቴ ውስጥ የማሞቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ መኪና አያስፈልጋትም አልልም። ያስፈልጋታል።

ግን እኔ በሐሳቤ የሣልኩት አራት በር ያለው፣ ግራጫ፣ ድምፁ የማይሰማ የጃፓን መኪና ነው። እሷ ከፊት፣ እኔና ዘንቢሌ ከኋላ።

መኪናዋ የነበረችው ልጄ ከምትረዳቸው ሰዎች በአንዱ ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ ነው። ሽማግሌው እንግሊዝ ናቸው፤ በጉልምስናቸው ነው ወደ ካናዳ የመጡት። ቤታቸው ከእኛ ሕንጻ ጀርባ በእግር የሚደረስ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመዋል፣ ልጆቻቸው ደግሞ «ይሄን ቆርቆሮ አስወጡና ጋራዡን ባዶ አድርጉት» እያሉ ይነዘንዟቸዋል። ልጄ ቁርስ ስታበላቸው ስለ መኪናዋ ነው የሚያወሯት። አውርተው አውርተው በመጨረሻ ውሰጃት አሏት፤ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፦ እዚያው ጋራዣቸው ውስጥ እንድትሠራትና እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያዩ።

ወስዳ አሳየችኝ። ሽማግሌው በከዘራቸው ጫፍ ሸራውን ገለጡት። መኪናዋ ወገቤ አትደርስም። ረጅም አፍንጫ፣ ክብ ክብ ዓይን፣ ቸርኬዋ እንደ ብስክሌት ሽቦ የተጠላለፈ። ቀለሟ አረንጓዴ ነው ይላሉ፤ ዝገቱ ግን በልጦታል።

«ጣሪያው የት ሄደ?» አልኩ።

«የላትም ማሚ። ስፖርት ካር ናት። ሲዘንብ የሚለበስ ሸራ አላት።»

«ድንኳን ናት እንዴ? የኋላ ወንበርስ?»

«የላትም።»

«እኔን የት ልታስቀምጪኝ ነው?»

«እዚህ፣ አጠገቤ» ብላ አንዲት የተቀደደች ወንበር መታ መታ አደረገች። አቧራው ተነሣ።

«እኔን? እግዜር አያድርገው!»

ሽማግሌው ምን አለች ብለው ጠየቁ። ልጄ ተረጎመችላቸው። ሳቁ፣ ከዚያ ብዙ፣ እጅግ ብዙ ነገር ተናገሩ፤ እጃቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተወዛወዙ።

«ምን አሉ?»

«ጥሩ መኪና ናት ነው የሚሉት።»

«ያን ሁሉ ተናግረው?»

ልጄ የምትተረጉምልኝ የሚጠቅማትን ብቻ ነው። ይሄን በልጅነቷ ከትምህርት ቤት አስተማሪዎቿ ጋር ስታነጋግረኝ ነው የጀመረችው።

ስለ ፍርሃቴ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ጋራዥ ሰፈር ምሳ እሸጥ ነበር። ኮፈን፣ ካቻቢቴ፣ ስፖኪዮ፣ ሰልባትዮ የሚባሉትን ቃላት ሹሮ እያማሰልኩ ነው የሰማኋቸው። ታዲያ ጋራዥ አጠገብ የሚውል ሰው ደህና መኪና አያይም። ደህና መኪናማ መንገድ ላይ ነው። እኔ ስመለከት የኖርኩት ተጎትቶ የሚገባውን፣ አፍንጫው የተጨማደደውን፣ ወንበሩ ላይ አንድ እግር ጫማ የቀረበትን ነው። ለእኔ መኪና ማለት እንዲህ ሆኖ የሚያልቅ ነገር ነው። ሊፍት ሲንቀሳቀስ የግድግዳውን ብረት ጨምድጄ የምይዝ፣ የሚሄድ ደረጃ ላይ እግሬን ከማሳረፌ በፊት የማማትብ ሰው ነኝ። ልጄ ደግሞ አንድ ናት። አንድ ልጅ ያላት እናት ፍርሃቷን የምታካፍለው ሁለተኛ ልጅ የላትም፤ ሁሉም እዚያችው ላይ ይወርዳል።

ክርክር አላውቅበትም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ልጄ በእንግሊዝኛ ስትጀምርማ አፌን እይዛለሁ። ስለት ግን አውቃለሁ። የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «ገብርኤል ሆይ፣ ይቺን መኪና ልጄን ሳትነካ ከእጇ አስወጣልኝ። ለታኅሣሥ በዓልህ ባለ ወርቅ ዘርፍ ዣንጥላ አገባልሃለሁ።» ለማንም አልተናገርኩም። ስለት በሆድ ነው የሚያዝ።

ገብርኤልን ደግሞ በእጄ ልረዳው አሰብኩ። ልጄን በፍርሃት አሰለቻታለሁ፣ ተስፋ ትቆርጣለች ብዬ ነው። ከሥራ ስመለስ ጋራዡ በር ላይ እቆማለሁ። እሷ በጀርባዋ ተኝታ ከመኪናዋ ሥር እግሯ ብቻ ይታያል። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው በከዘራ ይጠቁማሉ።

«ብትገለበጥስ?» እላለሁ። «ጣሪያ የላት፣ አንገትሽ ነው ጣሪያው።»

እግሩ ይንቀሳቀሳል። «ኦኬ ማሚ።»

በሳምንቱ ስመጣ ከሁለቱ ወንበሮች ጀርባ ወፍራም የብረት ቅስት ተተክሏል። ይሄ የሚገለበጥ መኪና ሰውን እንዳይጨፈልቅ የሚያደርግ ነው። ሁለቴ ገፋሁት፤ አልተነቃነቀም። ቀበቶውም ትከሻ ላይ የሚያልፍ አዲስ ሆኗል።

ሽማግሌው አኩርፈዋል። አንድ ነገር አጉረመረሙ።

«ምን አሉ?»

«‹ከመጀመሪያው አልነበራትም› ነው የሚሉት። ከፋብሪካ ስትወጣ ይሄ ብረት የለም።»

«ከመጀመሪያው ስንቱ ሰው ሞቶባት ይሆን በያቸው።»

ይሄንን ተርጉማላቸው እንደሆነ አላውቅም።

ሌላ ቀን ወንበሮቹ ወጥተው ከኋላቸው ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች አየሁ። «ኧረ በገብርኤል! ከወገብሽ ሥር ባትሪ? ተቀምጠሽበት ነው የምትሄጂው?» አልኩ። ባትሪዎቹ ወጡ፤ በቦታቸው አንድ ትልቅ ባትሪ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ በብረት ታስሮ ተቀመጠ። ሽማግሌው፦ ከመጀመሪያው እዚያ አልነበረም።

«ከባድ መኪና ከኋላሽ ቢመጣ አያይሽም፤ ከጎማው ታንሻለሽ» አልኩ። የብረቱ ቅስት አናት ላይ ቀይ የፍሬን መብራት ተሰካ። ከመጀመሪያው አልነበራትም።

ዝናብ ሲነካት እየታፈነች ትቆማለች ሲሉ ሰማሁ። ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ክፍል እርጥበት አይወድም አሉ። «መንገድ መሃል ብትቆምብሽስ?» አልኩ። አሮጌው ወልቆ እርጥበት የማያስገባ ኤሌክትሮኒክ ነገር ገባ። ዲናሞውም ደካማ ነው ተባለና ከተጣለ የጃፓን መኪና ላይ የተነቀለ ሌላ ተተካ። የዚያን ቀን ሽማግሌው ልጄ ያቀረበችላቸውን ሾርባ ሳይቀር ዞር ብለው ነው የጠጡት።

አዘንኩላቸው። በማግስቱ ምስር ወጥ በዳቦ ይዤላቸው ሄድኩ። በሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ፊታቸው ቀላ፣ ሳህኑን ግን አልለቀቁም። ከዚያ በከዘራቸው ወደ መኪናዋ አመለከቱና ረጅም ነገር አወሩ።

«ምን አሉ?»

ልጄ በዚህ ጊዜ ቆም ብላ አሰበችና ሁሉንም ነገረችኝ። «ወጣት ሳሉ ከሚስታቸው ጋር የሚሄዱት በዚች ነበር። ሚስታቸው አንድም ቀን ፈርተው አያውቁም። ‹እናትሽ ግን ሁሉን ነገር ትፈራለች፤ ቢሆንም ከብዙ መካኒክ ትሻላለች› አሉ። ‹መካኒክ የተበላሸውን ነው የሚያየው፣ እናትሽ ያልተበላሸውን ታያለች።›»

ተሰደብኩ ወይስ ተመሰገንኩ? እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለማንኛውም ሳህኑን ተቀብዬ፣ «ብርድስ?» አልኩ። «ይሄ የዊንተር አገር ነው። ጠዋት አልነሣም ብትልስ?»

የሞተሩ ማሞቂያ ተገጠመ፤ ማታ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ላይ የሚሰካ ገመድ አለው። የእግር ማሞቂያውም በአዲስ ተለወጠ።

እንግዲህ ይሄ ነው የሆነው። እኔ እንድትሰለች ብዬ በፈራሁ ቁጥር መኪናዋ ትጠነክራለች። ልጄ ራሷ ማታ እራት ላይ፣ ጥቁር ግሪስ ጥፍሯ ውስጥ ገብቶ፣ «ማሚ፣ ዛሬስ ምን አስፈራሽ?» ማለት ጀመረች። አፌን ብዘጋ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ፍርሃት ሲመጣ ሳል ነው፣ አይያዝም።

መስከረም ላይ ሰሌዳ ለማውጣት መኪናዋ ሴፍቲ ማለፍ አለባት ተባለ። ምርመራ ነው፤ መካኒክ አንሥቶ ከሥር ያያታል። ልጄ ያን ቀን ፀጉሯን ተሠርታ ነው የሄደች፣ ለራሷ ፈተና ያለባት ይመስል። ማታ ስትመለስ ጃኬቷን ሳታወልቅ ሶፋ ላይ ተዘረረች።

«ፌይል አደረገች» አለች። «መካኒኩ ወለሉን በካቻቢቴ ነካ አደረገው። ካቻቢቴው እንደ ዳቦ በስቶት ወጣ። ወለሉ ዝገት ነው ማሚ፤ ከላይ ምንጣፍ፣ ከሥር መንገድ።»

«ውይ ልጄን» አልኩና እንዳታየኝ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ሆኜ፣ «ገብርኤል፣ ፈጣን ነህ!» አልኩት።

በዚያው ሳምንት የጽዋ ማኅበራችን አባል የሆነች ሴት ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር። ከመርካቶ ባለ ወርቅ ዘርፍ ዣንጥላ፣ ቀይ ከፋይ፣ እንዲያው ደህና የሆነውን እንድታመጣልኝ አዘዝኳት። «ምን ተሳልሽ?» አለችኝ። «ተደርጎልኛል» ብዬ ዘጋሁት።

ቸኩዬ ነበር። ልጄ በዕረፍት ቀኖቿ ሁሉ የበሰበሰውን ወለል ቆርጣ አወጣች። አንድ ብየዳ የሚያውቅ የሥራ ባልደረባዋ አዲስ ላሜራ በየደላት። ሽማግሌው እንኳ ስለ ወለሉ ምንም አላሉም፤ ወለልማ ከመጀመሪያውም ነበራት። መኪናዋ ሁለተኛ ተመረመረች፣ አለፈች፣ ሰሌዳ ተለጠፈላት። ልጄ ሕንጻችን በር ላይ መጥታ ክላክሱን ስታጮኸው በበረንዳ ብቅ ያላለ ጎረቤት አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሴትዮዋም ከአዲስ አበባ ተመለሰች። ዣንጥላው ደረሰ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እንጨቱ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ። ከአልጋዬ ራስጌ ከመጋረጃው ጀርባ አቆምኩት።

«ማሚ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የገብርኤል ነው።»

«ምን ስላደረገልሽ?»

«እሱ የእኔና የገብርኤል ነው።»

ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። እኔ ከዣንጥላው ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። ያልተደረገ ስለት ይገባል? መኪናዋ እንደሆነች በየቀኑ እየወጣች ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሜ፣ ያቺን ከፍ ብላ የተሰካች ቀይ መብራት ከሕንጻችን ፓርኪንግ ወጥታ ጎዳናው ላይ እስክትጠፋ አያታለሁ። ልጄ የመጀመሪያው ሰው ቤት ስትደርስ ስልክ ደውላ ሁለቴ ካስጮኸች በኋላ ትዘጋለች፤ ደርሻለሁ ማለቷ ነው። ስልኩ እስኪጮህ ድረስ ውሃ እንኳ አልጠጣም። ከጮኸ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ልጄ ማታ ስትመጣ ጣቷ አልደነዘዘም። እየዘፈነች ነው የምትገባው። ይሄን አይቻለሁ። አይቼም አልተረታሁም።

አስቤ አስቤ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ዣንጥላውን አስቀድሜ ላግባው! ሰጥቼው ከጨረስኩ ገብርኤል አፍሮም ቢሆን ያደርግልኛል። የእጅ መንሻ ተቀብሎ ዝም የሚል የለም፣ በሰማይም ቢሆን።

የታኅሣሥ ገብርኤል ጠዋት የመጣው ብርድ ምራቅን አየር ላይ የሚያደርቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ ከነጮች የተከራየነው አዳራሽ ነው፣ ወደ ፓርክዴል ግድም። እኔ ነጠላዬን ለብሼ፣ ዣንጥላዬን ይዤ፣ ትልቅ መኪና ያላትን ያቺኑ የማኅበር ጓደኛዬን ከሕንጻችን በር ውስጥ ቆሜ እጠብቃለሁ። ቀረች። ወደ ቤት ተመልሼ ወጥቼ ደወልኩላት።

«እህቴ ሙች፣ አልነሣ አለኝ!» አለች። «ባትሪው ሞቷል። የጎረቤቱም አልነሣም፤ ሰፈሩ በሙሉ ኮፈን ከፍቶ ቆሟል።»

ታክሲ ደወልን፤ ብዙ ሰው ወረፋ ላይ ነው ጠብቁ አሉ። አውቶቡሱ በበረዶ ዘግይቷል። ቅዳሴው ተጀምሯል። ልጄ በፒጃማዋ ቆማ ታየኛለች። ዕረፍት ቀኗ ነው።

«ማሚ» አለች፣ «የኔ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ገመዷ ተሰክቶ ነው ያደረችው።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ገብርኤል ይጠብቅ።»

አሁን ይሄንን ማን ይችለዋል? ገብርኤል ይጠብቅ! ቶሎ ለባበሰችና ወረድን። ልጄ ቁልፉን አዞረች። ከኋላ የቤንዚን ፓምፑ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለ፣ እንደ ደረቅ ሳል አንድ ጊዜ ኡሁ አለችና ተነሣች። ፓርኪንጉ ውስጥ ካሉት መኪናዎች ግማሾቹ እንደ ሐውልት ቆመዋል። ያቺ አሮጊት ግን ጭስ እየተፋች ትንቀጠቀጣለች። ጠዋት አልነሣም ብትልስ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንንም የምወቅሰው አልነበረኝም።

ችግሩ ዣንጥላው ነው። የዕቃ መጫኛው ውስጥ አይገባም። በሰያፍ ብናደርገው ሸራ ጣሪያው ይከለክላል። በመስኮት ብናወጣው የልጄን አንገት ይዞ ነው የሚወጣው። ልጄ ወገቧን ይዛ አሰበች።

«ወይ ጣሪያው፣ ወይ ዣንጥላው።»

«በዚህ ብርድ ጣሪያ አውርደሽ?»

«ታዲያ ዣንጥላውን ተይው።»

«የተሳልኩትን?»

«እንግዲያው ጆሮሽን ሸፍኚ» ብላ ሽማግሌው የሰጧትን ጆሮ የሚሸፍን አሮጌ የቆዳ ቆብ ራሴ ላይ ደፋችብኝ። ከላዩ ነጠላ፣ ከነጠላው ላይ ጋቢ፣ ከሥር የዊንተር ካፖርት። እንደ ጆንያ ተወትፌ ገባሁ። ቀበቶውን እሷ አሰረችልኝ። ዣንጥላውን በጉልበቶቼ መሃል አቁሜ በሁለት እጄ ጨበጥኩ፤ ጫፉ ከብረቱ ቅስት በላይ ወጥቷል።

«በትንንሹ መንገድ ሂጂ።»

«ቅዳሴው ያልቃል ማሚ። በፎር ሃንድረድ ነው የምንሄደው።»

«በሃይዌይ? አንቺ ልጅ!»

ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ነፋሱ ሲመታኝ፣ ውዳሴ ማርያሙንም ሰላም ለኪውንም እየቀላቀልኩ እደግማለሁ። በጎኔ የሆነ ነገር እንደ ነጎድጓድ ጮኸ።

«ዓይንሽን ግለጪ!» ብላ ጮኸች ልጄ። «የምነዳው እኔ ነኝ፤ አንቺ ጨፍነሽ አትረጂኝም!»

ገለጥኩ። የከባድ መኪና ጎማ ነው፤ ከፊቴ ትይዩ ይሽከረከራል። ሹፌሩ ከላይ ቁልቁል አየኝ። በታኅሣሥ ብርድ ጣሪያ በሌላት መኪና ውስጥ፣ የቆዳ ቆብና ነጠላ የለበሰች፣ በወርቅ ዘርፍ የተከበበ እንጨት የጨበጠች ሴት። እጁን አነሣና እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠኝ። ምን ላድርግ? እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁት።

ልጄ መሪው ላይ ወደቀች በሳቅ። «ሳቁን ተይና መንገዱን እዪ!» አልኳት፣ ግን እኔም ይዞኛል። አፍንጫዬ የለም፣ ብርዱ ወስዶታል፤ እግሬ ግን እንደ ምድጃ ዳር ሞቋል። ያ የእግር ማሞቂያ ነው። ትከሻዬ ላይ ቀበቶው ጠብቆ ይዞኛል። ከራሴ ጀርባ የብረቱ ቅስት አለ። ከሥሬ አዲሱ ላሜራ ነው፣ ባትሪው ከወገቤ ሥር የለም። እዚያ መኪና ውስጥ ከተገጠመው ነገር ግማሹ እኔ እየፈራሁ ያስገጠምኩት ነው። ለልጄ ብዬ ነበር የፈራሁት፤ አሁን እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። ፍርሃቴ አልጠፋም፣ እንዳትሳሳቱ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቴ ላይ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ከሃይዌዩ ወጥተን ወደ ፓርክዴል ስንጠጋ ነፋሱ የዣንጥላውን ላስቲክ በጫጭቆ ጨርሶታል። ቀይ መብራት ላይ ቆመን ልጄ ፍሬን ስትይዝ ማሰሪያው ተፈታ። ዣንጥላው ሁለታችንም ላይ ቧ ብሎ ተከፈተ። ቀይ ከፋይ፣ ወርቅ ዘርፍ፣ ዳር ዳሩ የሚንጠለጠል ጌጥ።

«ዝጊው!»

«አይዘጋም! ጣቴ ደንዝዟል!»

አረንጓዴ በራ። ከኋላችን የቆመው የከተማ ባቡር፣ ስትሪትካሩ፣ ደወሉን አንቃጨለ። የቀረችን አንድ መታጠፊያ ናት። ልጄ እንደ ሰው እርምጃ ቀስ ብላ ነዳች። እኔ ዣንጥላውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። በእግረኛ መንገዱ ያሉ ሰዎች ቆሙ፤ አንዱ ቆቡን አወለቀ፣ አንዷ ሴትዮ ካፖርቷን ይዛ እየሳቀች አጨበጨበች። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያሉት ሴቶች ከሩቅ ሲያዩን እልልታውን አቀለጡት። ለካ ሆን ብለን፣ በሥርዓት፣ ዣንጥላ ዘርግተን የመጣን መስሏቸዋል። አንደኛዋ ጭራሽ መኪናዋን ከበው እንዲያጅቡን ሴቶቹን ጠራች።

«ማሚ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝም በይና ንጂ» አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ደረስን። ከቅዳሴ በኋላ ስለት ያለው ቅረብ ተባለ። ዲያቆኑ ወጣት ነው፤ ማይክራፎኑን በእጁ ሸፍኖ ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ ገብርኤል ምን አድርጎልዎት ነው ልበል?»

አሁን ምን ልበለው? መኪናዋን እንዲያስወጣልኝ አስቀድሜ ልከፍለው መጣሁ ልበል? ልጄ አጠገቤ ጫማዋን አውልቃ ቆማለች። ጉንጯ በብርድ ቀልቷል፣ ቅንድቧ ላይ የቀለጠ በረዶ አለ፣ ጣቶቿ ግን እንዳልደነዘዙ ነጠላዬን ስታስተካክልልኝ አየሁ። ሕዝቡ ይጠብቃል። ዣንጥላው ከበደኝ።

«እናቴ?»

«በሰላም ስላደረሰን በልልኝ» አልኩት።

ዲያቆኑ ተናገረ፣ ሕዝቡ እልል አለ። ዣንጥላውን ተቀበሉኝ። እኔም በሆዴ፣ ገብርኤል ሆይ ያንን የሐምሌውን ተወው፣ አልኩት። ሳላስበው ነው የወጣኝ። መልሼ ልሰበስበው አልሞከርኩም።

ስንመለስ ዣንጥላ ስለሌለ ሸራው ተዘረጋ፣ ውስጧ ሞቀ። ልጄ አላስቻላትም።

«እሺ አሁን ንገሪኝ። ምን ብለሽ ነበር የተሳልሽው?»

ነገርኳት። መጀመሪያ ፍጥነቷን ቀነሰች። ከዚያ መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመችና ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ መሪውን እየደበደበች።

«በእኔ መኪና፣ የእኔን መኪና ለማስወጣት!»

«አንቺ ነሽ ነይ ግቢ ያልሽኝ!»

«ታዲያ ገብርኤል ምን አለሽ?»

«እሱማ ወለሉን በስቶልኝ ነበር። አንቺ ነሽ የደፈንሽው።»

እንደገና ሳቀች። እስክትጨርስ ጠብቄ፣ «አሁን ንጂ፣ ግን አንድ ነገር አለ» አልኳት። በመንገዱ ሁሉ ሲከነክነኝ የመጣ ነው። «በእኔ በኩል ስፖኪዮ የለም። ከኋላ የሚመጣውን በዚህ በኩል ማን ያያል? እዚህ ጋ አንድ አድርጊ።»

ልጄ ዞራ አየችኝ። ማርሽ አስገባች።

በሳምንቱ ጋራዡ ስደርስ ስፖኪዮው ተገጥሟል፤ በእኔ ወንበር በኩል፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው በከዘራቸው እየጠቆሙት ያጉረመርማሉ። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

«ንገሪያቸው» አልኳት ልጄን፣ በሩን ከፍቼ ወንበሬ ላይ እየተቀመጥኩ፤ «እኔም ከመጀመሪያው አልነበርኩባትም።»